የፍሳሽ ማጣሪያው ተለማማጅ

«ምን ነበር የምትማሪው?» ይሉኝ ነበር የሰበታዋ አከራያችን፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር።

«የአካባቢ ሳይንስ።»

«የየትኛው አካባቢ?»

መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። በኋላ ግን «የዚሁ፣ የሰበታ» ማለት ጀመርኩ። እሳቸውም በዚህ መልስ ደስ ተሰኙ። ለጎረቤት ሁሉ «የኛን አካባቢ ነው የምታጠናው» እያሉ አወሩልኝ።

ሰበታ የገባነው አዲስ አበባ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራዋ እዚያው ከተማው ውስጥ ቀረ፣ እኛ ግን ኪራይ ወደሚቀልበት ወጣን። ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተሰልፋ ትሄዳለች፣ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ገባሁ። አፋን ኦሮሞን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም። ገመድ ስንዘል፣ ስንጣላ፣ ስንታረቅ ነው አፌ የተፈታው።

ከግቢያችን ጀርባ አንድ ጅረት ነበረ። ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች በሚለቀቅበት ቀለም የተነሳ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። እኛ ልጆቹ «ነገ ምን ይሆናል?» እያልን እንወራረድ ነበር። ለእኛ ጨዋታ ነበር። አድጌ የትምህርት ክፍል ምርጫ ስሞላ ግን ያ ጅረት ትዝ አለኝና የአካባቢ ሳይንስን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። ጓደኞቼ «ደርሶሽ እንጂ መርጠሽ አይደለም» ብለው ሙጭጭ አሉ። መርጬ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሲያልቅ ለኢንተርንሺፕ የምንወጣበት ጊዜ ደረሰ። ትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ሰጠንና «ቦታውን ራሳችሁ ፈልጉ» አለን። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አጎት ያለው ወደ አጎቱ፣ የአባት ጓደኛ ያለው ወደ አባቱ ጓደኛ ሄደ። ቡራዩ የምትኖረው የቅርብ ጓደኛዬም በዘመድ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ አገኘችና ደወለችልኝ።

«ነይ፣ ችግር የለም። ኃላፊው የአክስቴ ባል ነው፣ አንቺንም ያስገባሻል።»

ሄድኩ። ቢሮው ጥሩ ቢሮ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ወንበሩ ምቹ። ተለማማጆቹ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። ጠዋት ፈርመው ይገባሉ፣ ማታ ፈርመው ይወጣሉ። ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ መጥቶ ወረቀት ፎቶ ኮፒ እንድናደርግለት ጠየቀን፣ አራት ሆነን ተነሳን። የዕለቱ ሥራ እሱ ነበር።

ምሳ ላይ ጓደኛዬ «ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ።

«አልመጣም።»

«አብደሻል? ቦታ አጥተሽ ልትቀሪ ነው?»

«አላጣም» አልኳት።

ይህን ስል በእጄ ምንም ቦታ አልነበረም፣ ግን ለጉራ አልተናገርኩም። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወደ ሰበታ ስመለስ የጅማን መንገድ ተከትለው ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ፋብሪካዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ውሃ ያስገባሉ፣ ሁሉም ውሃ ያስወጣሉ። ከሚወጣው ውሃ ጋር የሚታገል ሰው በየግቢው መኖር አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ የሚያግዘው ሳይፈልግ አይቀርም። ስሌቴ ይኸው ነበር።

በማግስቱ ጫማዬን ጠርጌ ወጣሁ። የመጀመሪያው ፋብሪካ ጥበቃ ደብዳቤዬን ሳይነካው «ቅጥር የለም» አለኝ።

«ቅጥር አይደለም። ያለ ደመወዝ ነው የምሠራው።»

«ያለ ደመወዝ?» ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ታዲያ ምን ልትወስጂ ነው?»

ሁለተኛው ጋ አንዲት ጸሐፊ ደብዳቤዬን ተቀብላ «እንደውላለን» አለችኝ፣ አልደወሉም። ሌላው ጋ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው በአባትነት መንፈስ «የፋብሪካ ግቢ ለሴት ልጅ አይመችም፣ ቢሮ ፈልጊ» ብለው መከሩኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ። በሩን የሚዘጋብኝ «ኢንተርንሺፕ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በር ላይ ያለ ሰው ሲሰማው «ውለታ ልጠይቅ መጣሁ» ያልኩት ይመስለዋል።

ስለዚህ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ስደርስ አነጋገሬን ቀየርኩ። ጥበቃው ከወላይታ የመጣ ሰው ነው፣ መዝሙር እያንጎራጎረ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?»

«የፍሳሽ ማጣሪያችሁን ማየት እፈልጋለሁ።»

መዝሙሩን አቆመ። «ምኑን?»

«ቆሻሻው ውሃ የሚጣራበትን።»

ስልኩን አነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እዚህ አንዲት ልጅ መጥታለች» ሲል ሰማሁት። «ቆሻሻ ውሃ ልይ ትላለች… አይ፣ ደህና ትመስላለች።»

ትንሽ ቆይቶ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቦት ጫማ ያደረገች፣ አርባዎቹን የተሻገረች ሴት ብቅ አለች። የማጣሪያው ክፍል ኃላፊ ናት፣ ኬሚካል ኢንጂነር።

«ማጣሪያውን ማየት የፈለግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እርስዎ ካልተቸገሩ።»

«አንቺ በይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ። እዚህ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጨርቁን አይቶ ነው የሚሄደው። ነይ ግቢ።»

ከማቅለሚያው ክፍል የሚወጣው ውሃ እንፋሎት እየተነነበት፣ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቁሮ ይገባል። ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እያለፈ ይቀዘቅዛል፣ ይቀላቀላል፣ ኬሚካል ይጨመርበታል። ከዚያ ትልቁ ገንዳ ጋ ይደርሳል። እሱ ገንዳ ቀንና ሌሊት ይፍለቀለቃል።

«የሚፈላ መሰለሽ አይደል?» አለችኝ ኃላፊዋ ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች። «አየር ነው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ፣ ቆሻሻውን የሚበሉልን እነሱ ናቸው። እኛ ከሥር አየር እንነፋላቸዋለን። ንፊያው ከቆመ ይታፈናሉ።»

ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር፤ ፈተናም ጽፌበት ጥሩ አምጥቼበታለሁ። ያን ዕለት ግን የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ አረፋው ፊቴ ላይ ሲረጭ፣ ይህ ሥራ የኔ ነው አልኩ በልቤ። ደብዳቤዬን አወጣሁ። ሳታነበው አጥፋ ኪሷ ከተተችውና «ሰኞ ነይ፣ ቦት ጫማ አምጪ» አለችኝ።

ሥራው ከባድ ነበር፣ እኔ ደግሞ ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት ከየገንዳው በጠርሙስ ናሙና እቀዳለሁ፣ ትንሿ ላቦራቶሪ ውስጥ እለካለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የገንዳውን ዝቃጭ ወደ ማድረቂያው ከሚያወጡት ሠራተኞች ጋር እሰለፋለሁ። ኃላፊዋ መሣሪያውን ከማመኔ በፊት ዓይኔንና አፍንጫዬን እንድጠቀም ታዝዘኝ ነበር። «ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሽታው መጥፎ ከሆነ፣ ቁጥሩን እንደገና ለኪው» ትለኛለች። እናቴ ማታ ማታ ልብሴን ከደጅ ታሰጣዋለች።

«ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ለዚህ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን አፍንጫዋን ይዛ።

«ለዚህ ነው፣ እማ።»

እሑድ ግን የሥራ ቱታዬ እጅጌ ረዝሞብኝ ሳጥፈው አይታ ከላዬ አወለቀችው፣ ልክ በልኬ አሳጥራ ሰፋችው። ከዚያ በኋላ ስለ ሽታው አላነሳችም።

አንድ ጠዋት ኃላፊዋ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዳ ሳለ ዋናው በር ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ከጅረቱ በታች ያሉ ገበሬዎች ተሰብስበው መጥተዋል። ከፊት የቆሙት ጋቢ የለበሱ አዛውንት እርጉዝ ጊደራቸው ሞታባቸዋለች፣ ከጅረቱ ጠጥታ ነው የሞተችው ይላሉ። የወላይታው ጥበቃ አፋን ኦሮሞ አይችልም፣ እነሱ ደግሞ በንዴት ላይ አማርኛ አልመጣላቸውም። የሰው ኃይል ኃላፊው በሩን በትንሹ ከፍቶ «ማመልከቻ ጽፈው ያምጡ በላቸው» ብሎ ሊዘጋው ነው።

ጓንቴን አውልቄ ወጣሁ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ።

«ነጋ» አሉ አዛውንቱ፣ ደህና ለማለት። ትኩር ብለው አዩኝና በዚያው በቋንቋቸው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«አባቴን አያውቋቸውም። እዚሁ ሰበታ ነው ያደግኩት።»

«እዚህ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሚወጣውን ውሃ እመረምራለሁ።»

«እንግዲያው ጉዳያችን ካንቺ ጋር ነው።»

ጊደሯ በምን እንደሞተች እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ሳላይ አዎ ብልም አይደለም ብልም እንደምዋሽ፣ ከብቶቹ የሚጠጡበትን ቦታ ቢያሳዩኝ ግን ውሃውን እንደምለካው። እርስ በርስ ተያዩ። ጫጫታው ረገብ አለ። ጠርሙሶቼን ላመጣ ስመለስ የሰው ኃይል ኃላፊው መንገድ ላይ ቆመብኝ።

«አንቺ ተለማማጅ ነሽ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም። ኃላፊዬ ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ» ብዬ አለፍኩት።

ጅረቱን ተከትለን ወረድን። ከፋብሪካው በላይ፣ ከመውጫው ላይ፣ ከብቶቹ ከሚጠጡበት ቦታ ቀዳሁ። አዛውንቱ ከአጠገቤ ጎንበስ ብለው እጄን እያዩ ነበር። በማግስቱ ውጤቱን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

«የትናንቱ ውሃ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም» አልኳቸው፣ «ግን ጊደር የሚገድልም አይደለም።»

«ታዲያ የገደላት የትኛው ቀን ውሃ ነው?»

«እሱን አላውቅም። በየቀኑ እየመጣሁ አያለሁ።»

ኃላፊዋ ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ጠርሙስ ብቻ ጨመረችልኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጅረቱ ጋ መውረድ ልማዴ ሆነ። ውሃው ለብዙ ጊዜ ያው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ገና ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ጅረቱ ጠቁሮ አረፋ ደፍቆ ይወርዳል። ቆም ብዬ አሰብኩ፤ ትናንት ምን ነበረ? ትናንት ማታ ከሥራ ከወጣሁ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ፋብሪካው ግን አልቆመም፣ ጄኔሬተሩ ሽመናውንና ማቅለሚያውን ያንቀሳቅሳል። አየር የሚነፋውን ማሽንስ? ቱታዬን እንኳ ሳልለብስ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ሄጄ ኤሌክትሪሻኑን ጠየቅሁት። የማጣሪያው መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ይታፈናል፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ ግን መምጣቱን አያቆምም፤ ሞልቶ እንዳለ ወደ ጅረቱ ይፈሳል። እርግጠኛ ለመሆን መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅሁ ደግሜ ቀዳሁ። ሁልጊዜም ያው ሆነ።

ጠርሙሶቹን ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ እያነሳች በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው።

«ያን ማሽን ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኙልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ» አለች በመጨረሻ። «በሚቀጥለው በጀት ይሉኛል።»

«አብሬሽ ልግባና እኔ ልናገር?»

«አንቺን ምን ያደርጉሻል?» አለችና ሳቀች። «ደመወዝሽን አይቆርጡ!»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። የሰው ኃይል ኃላፊውም ነበረ። የሚያብረቀርቀው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀመጥኩ።

«ይሄ መብራት የነበረ ቀን የተቀዳ ነው» አልኩ። «ይሄኛው መብራት ከጠፋ በኋላ።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ወዲያው መልሶ ዘጋው።

«ይህች ልጅ እኮ ለገበሬዎቹ ማስረጃ እየሰበሰበችላቸው ነው!» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ማስረጃውን መጀመሪያ ያመጣሁት ለእናንተ ነው» አልኩት። «ነገ ገበሬዎቹ ሌላ ባለሙያ ይዘው ቢመጡ የሚያገኙት ይህንኑ ውሃ ነው። ያኔ ከእነሱ አፍ ትሰሙታላችሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኃላፊዬ ዞረ።

«ማገናኘቱ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ገመዱ ይምጣልኝ እንጂ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።»

ገመዱ መጣ። እኔ ልምምዴን ሳልጨርስ ማሽኑ ከጄኔሬተሩ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ገንዳው ጋ ሮጬ ሄጄ መፍለቅለቁን ሳይ፣ ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ከፋብሪካው ጉድጓድ ውሃም ቧንቧ ተዘርግቶ ከአጥሩ ውጭ ለከብቶች ገንዳ ተሠራ። ጊደሯን የገደላት ያ ውሃ ይሁን ሌላ በሽታ ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም። ለአዛውንቱም ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ጊደሬን አልመለስሽልኝም» አሉኝ። «ግን አልዋሸሽኝም።» ልሰናበታቸው እጄን ስዘረጋ ግንባሬን ሳሙኝ።

ይህን ሁሉ አድርጌ ስመረቅ ሥራ በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካው ውስጥ ክፍት መደብ አልነበረም፣ ቢኖርም የሰው ኃይል ኃላፊው እኔን ለማስገባት የሚጣደፍ ሰው አይደለም። የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያዎችን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ለጀማሪ ነው ያሉትም የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ቁጭ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። መናገሻ ጫካ አጠገብ ክረምት ላይ የተተከሉ ችግኞች መጽደቃቸውን የሚከታተል ጊዜያዊ ሥራ አግኝቼ ገባሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንዳንዱ ተዳፋት ላይ ችግኙ ለምን እንደደረቀ፣ አንዳንዱ ላይ ለምን እንደለመለመ በዓይኔ አየሁ። ልምድ ተብሎ ሲቪዬ ላይ ሰፈረ፣ እውነትም ልምድ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቡራዩዋ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ቢሮ ውስጥ ያሳለፈችው ልምምድ በቃለ መጠይቅ የምትናገረው ነገር ስላላስገኘላት ተስፋ ቆርጣ ነበር።

«እኔ እንዳንቺ ደፋር አይደለሁም» አለችኝ።

«ድፍረት አይደለም። ቅጠሩኝ አትበያቸው፣ ሥራችሁን ልይ በያቸው።»

ቡራዩ ውስጥ ያገለገለ ፕላስቲክ ሰብስቦ የሚፈጭ አንድ ድርጅት ነበረ። ሄደች፣ አየች፣ ጠየቀች። ጥያቄዋ ስለበዛ ባለቤቱ «እንግዲያው ነይና አብረን እንመልሰው» አላት። አሁን እዚያ የጥራት ክትትሉን የምትመራው እሷ ናት።

የኔ ዕድል የመጣው ከሱሉልታ ነው። አንድ የመጠጥ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስሄድ በረንዳው በተፈታኝ ተሞልቷል፤ ከእኔ የበለጠ ውጤት ያላቸውን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ስገባ ስለ ትምህርቴ ጥቂት ጠየቁኝ፣ ከዚያ «ያጋጠመሽን አንድ ችግር ንገሪን» አሉኝ። የሰበታውን ጅረት ነገርኳቸው፣ የፋብሪካውን ስም ሳልጠራ። ከመካከላቸው መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«እዚህ ተቀጥረሽ የኛን ጥፋት ብታገኚስ?»

«መጀመሪያ ለእናንተ እነግራለሁ።»

«እኛ ዝም ብንልሽስ?»

«ዝም የምትሉ ብትሆኑ ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቁኝም ነበር።»

ሌላኛዋ ጠያቂ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰውየው አልሳቁም፣ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። በኋላ እንደሰማሁት የሰበታዋ ኃላፊዬ ጋ ደውለው ስለ እኔ ጠይቀዋታል። «መስማት የማትፈልጉ ከሆነ አትቅጠሯት» ብላቸዋለች። ቀጠሩኝ።

ከሰበታ ሱሉልታ መመላለሱ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ እዚያው አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እናቴ መጋረጃ ሰፍታ ይዛ መጣች፣ የሱሉልታ ነፋስ ሲቀበላት ግን «ብርድ ልብስ ነበር መስፋት የነበረብኝ» አለች።

በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚለቀቀውን ውሃ ስለካ አሲዱና አልካሊው ጨርሶ አልተመጣጠነም፤ ጠርሙስ የሚታጠብበት ኮስቲክ ሶዳ እንዳለ እየወጣ ነው። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። በዚህ ጊዜ ላማክረው የምሮጥበት ኃላፊ አልነበረም፤ በወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ሰው እኔ ነኝ። የመውጫውን ቫልቭ ዘጋሁት። ውሃው ወደ ኋላ መጠራቀም ሲጀምር የምርት ክፍሉ ኃላፊ እያለከለከ መጣ።

«ማነው ይህን የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፣ የመለኪያውን ቁጥር እያሳየሁት።

ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቱታውን ወደ ላይ ሰብስቦ ከአጠገቤ ተንበረከከ። የማመጣጠኛው ኬሚካል የሚገባበት ቱቦ ተደፍኖ ነበር። ተጋግዘን ፈታነው፣ አጠብነው፣ መልሰን ገጠምነው። ውሃው ሲስተካከል ቫልቩን ከፈትኩ። ካፍቴሪያው ሊዘጋ ሲል ደረስንና የቀረውን ሽሮ አብረን በላን።